ግራኙን ስንቴ ያስነሱታል?

ባራዎና፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1993

ለእህቴ ለኒዲያ ኩዌቫስ፣
ሎረንስ፣ ማሳቹሴትስ

አምላክ አንቺንም ቤትሽንም ከሚመጣው ብርድ ይሰውር። እኛ ደህና ነን፤ መብራት እንደ ልማዱ ይጠፋል፣ ውሃ ደስ ሲለው ይመጣል፣ ከዚያ በቀር ጤና ነው። በእናቴ ሞት የላክሽው የሐዘን ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ክፉ አይንካሽ። አያቶቻችን የአንድ እናት ልጆች ሆነው ሳለ እኛ ሰው ሲሞት ብቻ መጻጻፋችን ነውር ነው። ጥፋቱ የሁለታችንም ስለሆነ አልከስሽም።

ደብዳቤሽን ስጨርስ ግን ከፊርማሽ በታች አንድ መስመር አገኘሁ፤ «ለመሆኑ ፔሊካኖቹ ዘንድሮ እነማንን ወርዋሪ አስፈረሙ?» ሐዘን ላይ ለተቀመጠ ሰው ሁለተኛ ሐዘን ማስታወስ ነው። ሆኖም ጠይቀሻልና ስሚ።

የቤዝቦል ክለባችን የፔሊካኖቹ ዋና ሥራ አስኪያጅ ዶን ኦክታቪዮ የክለቡ ባለቤት የእህት ልጅ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲሚንቶ ሲሸጥ ኖሮ ባለፈው ዓመት የቤዝቦል አዋቂ ሆኖ አደረ። መቺ አልጎደለንም፤ የጎደለን ወርዋሪ ነው። አምና በመጨረሻዎቹ ዙሮች ስንት ጨዋታ ከእጃችን እንዳመለጠ ሕፃን ያውቃል። ታዲያ ይህ ሰው ምን አደረገ? ሦስት አሜሪካውያን ልጆች አመጣ። ክንዳቸው እሳት ነው፤ ግን ክንዳቸው የራሳቸው አይደለም። የእነሱ ውድድር ተዘግቶ እስኪከፈት ድረስ ክለቦቻቸው ለልምምድ ያዋሱን ናቸው። ልጁ በደንብ መወርወር ሲጀምር ከወዲያ ስልክ ይደወላል፤ «ይበቃዋል፣ መልሱልን።» ቀጥሎ ፎቶው ለቲኬት መሸጫ የሚሆን አንድ የድሮ ኮከብ አስፈረመ፤ ሆዱ ከቀበቶው አልፏል። የመጨረሻው ግን ከሁሉ ይብሳል፤ ኤላዲዮ ማቶስ የሚባል ግራኝ፣ ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ የክርኑ ጅማት ተበጥሶ የተሰፋ፣ ዓመት ሙሉ የሚቀጥረው ክለብ ያጣ።

በየሳምንቱ በከተማው ጋዜጣ ላይ የምጽፋትን ዓምድ ሳትሰሚ አትቀሪም። የዚህ ሳምንት ርእሷ «ወርዋሪ አስፈረሙ ወይስ የጡረታ ቤት ከፈቱ?» የሚል ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ክሪስፒን ጮክ ብሎ አንብቦ ሲጨርስ «ፕሮፌሰር፣ ይቺንስ በመስታወት አስገብተን ለዶን ኦክታቪዮ እንስጠው» አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን ያህል ዘመን ስታቲስቲክስ ሳስተምር እንዲህ ደስ ያለው ተማሪ አይቼ አላውቅም።

ቤተሰብሽን ሁሉ ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ሊዮፖልዶ ፌሊስ


ሎረንስ፣ ኖቬምበር 1 ቀን 1993

ለወንድሜ ለፖልዶ፣

እመቤታችን ጤናህን ትጠብቅልህ፣ የእናትህንም ነፍስ በብርሃን ታኑርልን። መልስ ያዘገየሁት ንዴቴ እስኪበርድ ብዬ ነው። አልበረደም።

ታቲኮን ታስታውሰዋለህ? ወደዚህ ከመምጣታችን በፊት፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ፣ የእናትህን ማንጎ በግራ እጁ በድንጋይ እየመታ የሚያወርደውን? ኤላዲዮ ማቶስ ማለት እሱ ነው። የእኔ ልጅ። የጡረታ ቤት ያስገባኸው።

ከፊርማዬ በታች የጠየቅኩህ ለዚህ ነበር። ክለብ ያጣ ልጅ እናት ነኝ ብዬ መጻፍ ከብዶኝ፣ ስሙን አንተው ታነሳልኛለህ ብዬ ጠበቅኩ። አነሳኸው።

አሁን ሁሉንም ልንገርህ። ሐኪሙ ክርኑ ድኗል ብሏል። ለስንት የአሜሪካ ክለብ እንደጻፈ አትጠይቀኝ፤ አንዱም አልመለሰለትም። ና ያሉት ፔሊካኖቹ ብቻ ናቸው። እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ አንድ የአሜሪካ ክለብ መልማይ አይቶት ካልወደደው፣ ከሚስቱ ወንድም ጋር ጣሪያ መሥራት ይጀምራል። ለሚስቱ ቃል ገብቶላታል። ጣሪያ መሥራት ነውር አይደለም። ግን ልጄ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ሌላ ነገር ተመኝቶ አያውቅም።

ደግሞ ስሌትህ ራሱ ልክ አይደለም። ለአሜሪካውያኑ ልጆች ስልክ ይደወላል ብለሃል። ለታቲኮ የሚደውል ማን አለ? ክለብ የለውም እኮ! ከፈረሙት ሁሉ እስከ መጨረሻው ቀን የእናንተ ሆኖ የሚቆየው እሱ ነው። ለሲሚንቶ ሻጭ መጥፎ ሐሳብ አይደለም፣ ፕሮፌሰር።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ የጻፍከውን እዚያው ጋዜጣ ላይ ተሳስቻለሁ ብለህ አንሳው። ዶን ኦክታቪዮ ዓምድህን እንደሚፈራ ታቲኮ ነግሮኛል።

ኒዲያ


ባራዎና፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1993

ለእህቴ ለኒዲያ፣

እግዚአብሔር ቤትሽን በሰላም ይሙላው። ንዴትሽን ያብርድልሽ አልልም፤ ይገባሻል።

ለካ ታቲኮ ነው! ምን ላድርግ? በዚህ አገር ማን በስሙ ይጠራል? ክሪስፒን የምንለው ሰውዬ በመታወቂያው ላይ ሌላ ሰው ነው። እኔንም መንገድ ላይ «ሊዮፖልዶ!» ብሎ የሚጣራ ካለ ፖሊስ ነው ብዬ እርምጃዬን አፈጥናለሁ። «ታቲኮ ማቶስ» ብለው ጽፈው ቢሆን ማንጎው ወዲያው ትዝ ይለኝ ነበር። በባራዎና ደግሞ ማቶስ ያልሆነ ቱሪስት ብቻ ነው።

ስለ ስልኩ ያልሽው ትክክል ነው። ስህተት ፈልጌ ፈልጌ አጣሁበት። ይህም አናደደኝ።

ነገር ግን የጻፍኩትን አላነሳም። ዕድሜ ልኬን «የእህት ልጅ፣ የአማች ወንድም» እያሉ ክለቡን የሞሉትን ስሰድብ ኖሬ፣ ዛሬ የራሴ ዘመድ ስለመጣ ብዕሬን ካጠፍኩ በምን ፊቴ ክፍል እገባለሁ? ውጤቱም ይኸው ነው፤ እስካሁን አራት ጊዜ ገባ፣ በሦስቱ የወረወረው ተመታበት። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፣ በየቀኑ የሚታተም ነው።

የማደርግልሽ አንድ ነገር አለ። ስታዲየም ሄጄ በዓይኔ አያለሁ። ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው እላለሁ፣ መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው እላለሁ። ከዚህ የበለጠ የሚሰጥሽ ዘመድ ካለ ለእሱ ጻፊ።

ፖልዶ


ሎረንስ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1993

ለወንድሜ ለፖልዶ፣

ጌታ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ባለቤትህንም።

ማንሳቱን ተወው፣ አልለምንህም። አሁን የምፈልገው እንዳትጽፍ ብቻ ነው። ጥሩም አትጻፍ፣ መጥፎም አትጻፍ። ስለ እሱ ሲወራ ሰውነቱ ይታሰራል፤ ከልጅነቱ እንዲህ ነው።

ስታዲየም ከሄድክ ግን አንድ ነገር እይልኝ። ወርውሮ ሲወጣ ግራ እጁን እንዴት እንደሚይዘው። ካመመው ክርኑን በቀኝ እጁ ደግፎ ይሄዳል፤ እንደሚያደርገው ራሱም አያውቅም። በስልክ ስጠይቀው «ደህና ነኝ፣ እማ» ነው የሚለኝ። ደህና ነኝ የማይል ማን አለ?

እዚህ በረዶ ጀምሯል። እኔ ደህና ነኝ።

ኒዲያ


ባራዎና፣ ዲሴምበር 8 ቀን 1993

ለእህቴ ለኒዲያ፣

የገናን በዓል ከነሙሉ ጤናሽ ያድርስሽ፤ ይህን ደብዳቤ እስክትጨርሺም ትዕግሥት ይስጥሽ።

እንዳልጽፍ ጠይቀሽኝ ነበር። ጻፍኩ። መጀመሪያ ያየሁትን ስሚ፣ ከዚያ ትሰድቢኛለሽ።

የጋዜጠኞች ቦታ ብቀመጥ «ፕሮፌሰሩ ዘመዱን ሊያይ መጣ» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ፤ ክሪስፒን ወሬውን ቀድሞ በትኖታል። ስለዚህ ከቀኝ ሜዳ ጀርባ፣ ተጠባባቂ ወርዋሪዎች ከሚያሟሙቁበት አጥር በላይ፣ ርካሹ ደረጃ ላይ ባርኔጣዬን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቦታ ጨዋታ አይቼ አላውቅም።

በአምስተኛው ዙር አጥሩ ውስጥ ያለው፣ አሰልጣኙ የሚያዝበት ስልክ ጮኸ። «ማቶስ፣ ተነስ!» ታቲኮ ተነስቶ ወረወረ፣ ወረወረ፣ ላብ አጠመቀው። «ተቀመጥ።» በስድስተኛው ዙር እንደገና «ተነስ!» ወረወረ። «ተቀመጥ።» በሰባተኛውም እንዲሁ። አጠገቤ ኦቾሎኒ የሚቆረጥም አንድ ወፍራም ሰው «ይሄ ልጅማ ጨዋታውን እዚሁ ጨረሰው» አለ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኩት።

«ወንድሜ፣ ትናንት እንዲሁ ሲያስነሱ ሲያስቀምጡት አምሽተው፣ ሳያስገቡት ወደ ቤቱ ላኩት።»

በስምንተኛው ዙር አስገቡት። ክንዱ አልቆ ነበር። መቱት። ስታዲየሙ በሙሉ «የጡረታ ቤት! የጡረታ ቤት!» እያለ ዘፈነ። ከእኔ የተማሩት ዘፈን መሆኑ ነው። ክርኑን በቀኝ እጁ ደግፎ ወጣ።

ሌላ ቀን ስታዲየም ተመልሼ ሄድኩ። ሦስት ቀን አርፎ ነበር፤ አንዴ ብቻ አስነስተው አስገቡት። ሁለት ግራኝ መቺዎችን ባዶ አየር አስመትቶ መለሳቸው። እጁን እያወዛወዘ ነው የወጣው።

ገባሽ፣ ኒዲያ? ጋዜጣ የሚቆጥረው ሜዳ ውስጥ የተወረወረውን ነው። አጥር ውስጥ የተወረወረውን የሚቆጥር የለም። እኔም አልቆጠርኩም። ስሌቴ ልክ ነበር፤ የተሰላው ግን ግማሹ ነው። ይህን ዐውቆ ዝም የሚል ሰው አይደለሁም። ዓምዴን «ይህ ወርዋሪ ዘመዴ ነው፤ ስለዚህ የምለውን ተጠራጥራችሁ አንብቡ» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ማስፈረሙ ጥሩ እንደነበረ፣ የተበላሸው አያያዙ እንደሆነ ጻፍኩ። ይህ ሰው ሲያርፍ የሚነካው መቺ እንደሌለም ጻፍኩ። አሰልጣኙን በስሙ ጠራሁት።

በማግስቱ ታቲኮ በሬን አንኳኳ። ቁመቱ ደጃፉን ሞላው።

«ይባርኩኝ፣ አጎቴ።»

«እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ልጄ። ግባ።»

«አልገባም! ማን ጻፉልኝ አለዎት?»

«ማንም።»

«አሰልጣኙ በሁሉም ፊት ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? ‹ደክሞህ ከሆነ ለአጎትህ ንገረው፣ እሱ ያለቅስልሃል!›»

«ውሸት ጻፍኩ?»

«እውነት ቢሆን ምን ይሠራልኛል? እኔ ኳሷን እንዲሰጡኝ ነው የምፈልገው፣ አጎቴ! ኳሷን!»

ሄደ። እንዲያ ተቆጥቶ እንኳ ቡራኬ ሳይጠይቅ አልጀመረም። በደንብ አሳድገሽዋል።

ፖልዶ


ሎረንስ፣ ዲሴምበር 17 ቀን 1993

ፖልዶ፣

ጌታ ይባርክህ። ይህን ከልማድ ነው የምጽፈው።

ከጻፍክ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አላስገቡትም። አያስነሱትም፣ አያሟሙቁትም፤ አግዳሚው ላይ እንደ ዕቃ አስቀምጠውታል። አንተ እውነትህን ተናግረህ ተገላገልክ። መልማዩ ሲመጣ አግዳሚውን አይቶ ይሂድ?

ከእንግዲህ ስለ ኳስ ምንም አልጠይቅህም። በገና ዋዜማ ብቻ ልጄ ሆቴል ክፍል ውስጥ ብቻውን እንዳይበላ። እሱ ኩራተኛ ስለሆነ አልመጣም ይላል፤ አንተም ኩራተኛ ስለሆንክ አትጠራውም። እናትህ ብትኖር ሁለታችሁንም ጆሯችሁን ይዛ ታስቀምጣችሁ ነበር።

ኒዲያ


ባራዎና፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 1994

ለእህቴ ለኒዲያ፣

አዲሱ ዓመት ለቤትሽ የተሻለ ይሁን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ምኞት በምክንያት ነው የምጽፈው።

መጣ። ሆቴሉ ድረስ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩና ጠራሁት። የአሳማ ጥብስ፣ ሩዝ በርግብ አተር፣ የቀረውን ታውቂዋለሽ፤ ባለቤቴ ሳህኑ ባዶ ሆኖ እንዲታይ አልፈቀደችም። ስለ ቤዝቦል አንድ ቃል አልተነጋገርንም። በዕድሜዬ እንደዚያ የረዘመ እራት በልቼ አላውቅም። ሲወጣ ግን በረንዳው ላይ ቆሞ «አጎቴ፣ ክንዴ እንደዚህ ቀልሎኝ አያውቅም» አለኝ፣ የተሰረቀ ነገር የያዘ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አሁን ዋናው ወሬ። ፔሊካኖቹ ከማጣሪያው ወደቁ። አሜሪካውያኑን ልጆች ክለቦቻቸው ከገና በፊት ደውለው ወሰዷቸው፤ አንቺም እኔም እንዳልነው። ኮከቡን ጀርባውን አመመው። ያለፉት ክለቦች ከወደቁት መካከል ማጠናከሪያ ተጫዋች ይመርጡ የለ? የሞካ አውራ ዶሮዎች ከሁሉ አስቀድመው ታቲኮን መረጡ። ሞካ! ከልጅነቴ ጀምሮ ሲሸነፉ ሻማ የማበራባቸው ሞካዎች!

ምክንያቱን ሥራ አስኪያጃቸው በሬዲዮ ተናገረ። «የባራዎናው ፕሮፌሰር ጽፎልን ነበር፤ ይህ ሰው ሲያርፍ አይነካም ብሎ። እነሱ ደግሞ አሳርፈው አሳርፈው ላኩልን። እናመሰግናለን።» አየሽ፣ ዓምዴን አንብቦ የገባው አንድ ሥራ አስኪያጅ ቢገኝ የጠላቴ ሆነ።

ክሪስፒን ፀጉሬን ግማሹን ቆርጦ መቀሱን አስቀመጠ። «ፕሮፌሰር፣ ግራኛችንን ለሞካ ሸልመው የለ? የቀረውን እነሱ ይቁረጡልዎት።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በግማሽ ፀጉር ቤቴ ገባሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሞካ እሄዳለሁ። ለጋዜጣው አይደለም።

ፖልዶ


ሎረንስ፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 1994

ለወንድሜ ለፖልዶ፣

እመቤታችን መንገድህን ታቅናልህ፤ ባለቤትህንም ስለ እራቱ በእኔ ስም ሳማት።

ደብዳቤህን ሳነብ ስቄ አለቀስኩ። ፀጉርህን የሚጨርስልህ ሌላ ሰው ፈልግ።

የሚስቱ ወንድም ለታቲኮ የሥራ ጫማ ገዝቶለታል። ቤታቸው ስሄድ ደጃፉ ላይ አየሁት፣ አዲስ፣ ክሩ ያልታሰረ።

እባክህ ጻፍልኝ። ሁሉንም ጻፍልኝ፣ የከፋም ቢሆን። እዚያ ደግሞ አፍህን ጠብቅ፤ የሞካ ሰዎች መካከል ተቀምጠህ ስለ አውራ ዶሮ እንዳትቀልድ።

ኒዲያ


ባራዎና፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 1994

ለእህቴ ለኒዲያ፣

እግዚአብሔር በያለሽበት ደስ ያሰኝሽ። ተቀመጪና አንብቢ።

ለሞካ ሦስት አውቶቡስ ቀያየርኩ። ሁሉም የየራሳቸው ሙዚቃ ነበራቸው። ስታዲየሙ ውስጥ እንደለመድኩት ከአጥሩ በላይ ተቀመጥኩ። ታቲኮ አየኝና ባርኔጣውን በጣቱ ነካ። ሌላ አላለም።

እስከ ስምንተኛው ዙር ማንም አላስነሳውም። አግዳሚው ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሞካ በአንድ ነጥብ ይመራ ነበር፤ ከዚያ ሦስቱም ማዕዘኖች በተጋጣሚ ሯጮች ሞሉባቸው፣ የመጣውም መቺ በዚህ አገር ካሉት ግራኞች ሁሉ ክፉው ነው። ስልኩ ጮኸ። አንዴ። ታቲኮ ተነሳ፣ አሟሟቀ፣ በሩ ተከፈተለትና ገባ።

የመጀመሪያዋን ኳስ ከመቺው አራቀ። ሁለተኛዋን ሰውዬው መትቶ ከመስመር ውጭ ሰደዳት፤ ጣሪያውን አንኳኳች። ሦስተኛዋን መቺው ሳታት። የመጨረሻዋን ቀርፋፋ አድርጎ ላከለት፣ ልትደርስ ስትል የምትታጠፍ ዓይነት። ሰውዬው ኳሷ ሳትደርስ ዱላውን ወንጭፎ ጨርሶ ነበር፤ ተሰናበተ።

ተነስቼ ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አላውቅም። ከፊቴ የተቀመጠ የሞካ ሰው ዞሮ አየኝ።

«አንተ፣ አነጋገርህ የዚህ አይደለም። ከየት ነህ?»

«ከባራዎና።»

«ፔሊካን! ሰዎች፣ ፔሊካን ገብቶብናል! ታዲያ ለእኛ ምን ያስጮህሃል?»

«ለእናንተ መቼ ጮህኩ!»

«ለማን ነው?»

«ለእህቴ ልጅ!»

ቢራ በአምስት እጅ ተላልፎ እኔ ዘንድ ደረሰ። የሞካ ቢራ ነው። ጠጣሁት።

እጁን እያወዛወዘ ነው የወጣው። መጀመሪያ የምትጠይቂኝ ይህን እንደሆነ ዐውቃለሁ።

ከጨዋታው በኋላ በሩ ላይ፣ ሙሉውን ጨዋታ የፍጥነት መለኪያ ይዞ የተቀመጠ አንድ የአሜሪካ ክለብ መልማይ ታቲኮን ለብቻው አነጋገረው። የሆቴሉ ስልክ ስለማይሠራ ታቲኮ የአንቺን ቁጥር ነው የሰጠው። ሰውዬው ቃል አልገባም፤ እኔም የሌለ ቃል አልሰጥሽም። ግን ከስልኩ አትራቂ።

ፖልዶ


ሎረንስ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1994

ለወንድሜ ለፖልዶ፣

ጌታ የለመንከውን ሁሉ ይስጥህ፣ ያልለመንከውንም ይጨምርልህ።

ደወሉ። እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፍቶኝ ሰውዬውን ሦስቴ አስደገምኩት። ፍሎሪዳ ወደሚገኘው ልምምዳቸው ጠርተውታል። ሌሎች ብዙ ወርዋሪዎችም ተጠርተዋል፤ ቦታው ለጥቂቶች ነው። ካለፈ ይፈርማል፣ ካላለፈ ይመለሳል። ሚስቱ «ከዚህ በኋላ የመጣውን እንቀበላለን» አለች፤ ግን ይህን ስትል ሻንጣውን እያዘጋጀች፣ እየዘፈነች ነበር። ማክሰኞ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘነው።

እንዲህ በልልኝ ብሎኛል፤ «ይባርኩኝ፣ አጎቴ። ደግሞ እባክዎ ስለ እኔ ከእንግዲህ ጋዜጣ ላይ አይጻፉ።»

ኒዲያ


ባራዎና፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1994

ለእህቴ ለኒዲያ፣

ልዑል እግዚአብሔር ልጃችንን ከክፉ ሐኪምና ከክፉ አሰልጣኝ ይጠብቅልን። እኔ ከባረክሁት ቆየሁ፤ ንገሪው።

ዶን ኦክታቪዮ ባለፈው እሑድ ቤቴ መጣ። «ለሚመጣው ዓመት ማንን ላስፈርም?» ብሎ ጠየቀኝ፤ በገዛ አፉ! እኔም «ማንንም ከማስፈረምህ በፊት አጥሩ ዘንድ የሚቆጥር ሰው አስቀምጥ» አልኩት። ጻፈው። በዚህ ሲሚንቶ ሻጭ ተስፋ አልቆርጥም።

ታቲኮ ያለውን ሰምቻለሁ። ጋዜጣ ላይ አልጽፍም፤ ቃሌ ነው። ነገር ግን የጠራው ክለብ ዘንድሮ ያስፈረማቸውን ወርዋሪዎች ዝርዝር አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከማያሚ አምጥቶልኛል። አይቼዋለሁ። ጨዋታውን የሚጀምሩት ወርዋሪዎቻቸው ሁሉ ቶሎ የሚደክሙ ናቸው፤ እነሱ ሲደክሙ በየምሽቱ የሚያስነሱት ማንን እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን። ይህን ያሰበበት ሰው በዚያ ቢሮ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ የዋና ሥራ አስኪያጃቸውን ስምና አድራሻ በቶሎ ላኪልኝ። እንግሊዝኛዬ ለዚህ ይበቃል።

ፖልዶ